የአምስተኛው እንጉዳይ እግር

ኦዲል ቫሌት የመድኃኒት ቤቷን በር ለምሳ ሰዓት ቆልፋ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጋዜጣ አጥፋ ልትጥል ስትል እጇ ባለበት ቀረ። ጋዜጣው ላይ ያሉት የአረንጓዴ እንጉዳይ እግር ቁራጮች አራት ናቸው። አጠገቡ የተከፈተው ደብተሯ ግን በገዛ እጇ ጽሕፈት አምስት ይላል።

እንደገና ቆጠረች። ጋዜጣውን አንስታ ሥሩን አየች። ወለሉን አየች። የቆሻሻ ቅርጫቱን ገልብጣ አንድ በአንድ ለየች። አራት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አሠራሯ አንድ ነው። መስከረም ላይ ዝናብ በጣለ በሁለተኛው ሳምንት የኑዋዬት ከተማ ሰው ሁሉ የለቀመውን እንጉዳይ ሊያስመረምር ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ይመጣል። እሷም ቅርጫቱን ጋዜጣ ላይ ትገለብጣለች፣ በየዓይነቱ ትለያለች፣ ታሸታለች፣ ከኮፍያው ሥር ያለውን ሽንሽን ታያለች፤ በመጨረሻ ከእያንዳንዱ አረንጓዴ እንጉዳይ እግር ትንሽ ሰብራ ጋዜጣው ላይ ትተዋለች። በሶሎኝ ጫካ በአንድ ባሉጥ ዛፍ ሥር ሁለት ዓይነት አረንጓዴ እንጉዳይ ይበቅላል። አንደኛው ይበላል፤ እግሩ እንደ ጠመኔ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሁለተኛው አይሰበርም፣ እንደ ጅማት ይተረተራል፤ ከአፈር ውስጥም የሚወጣው ከነጭ ከረጢት ነው። ቀምሰው የተረፉ ሰዎች ጣፋጭ ነበር ይላሉ። እስከ ማታ ድረስ ምንም አይሰማም። መሰማት ሲጀምር ጉበት እየሟሟ ነው።

ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችው። «አምስት ሰዓት ከሃያ። ጎብኚ፣ ወንድ። ቡናማ እንጉዳይ፣ ሴፕ፣ ሰባት። አረንጓዴ አምስት። ይበላል።»

ሰውየውን አስታወሰችው። ሽበታም ጢም፣ ቢጫ የዝናብ ካፖርት፣ ደረቱ ላይ የብሬዣን ግንብ የመግቢያ ምልክት ተለጥፏል። ዛሬ የቅርስ ቀን ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ የሚዘጉት ግንቦች ሁሉ ክፍት ናቸው፤ አገሩ በጎብኚ ተጥለቅልቋል። ሰውየው ጫፉ ላይ ብሩሽ ያለው የእንጉዳይ ቢላውን አውጥቶ አሳይቷት ነበር።

«ከመሬቱ ልክ ነው የቆረጥኳቸው፤ ቀሪውን ደግሞ በብሩሽ። አንድ ቅንጣት አፈር አያገኙበትም፣ ማዳም» ብሏት ነበር እየኮራ።

በሌላ ቀን ቢሆን ትቆጣው ነበር። ከመሬት ልክ የተቆረጠ እንጉዳይ ከረጢት ይኑረው አይኑረው አይታወቅም፤ ከረጢቱ አፈር ውስጥ ቀርቷል። ዛሬ ግን ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሶ ነበር። አራተኛውን ሰብራ አምስተኛውን ልታነሳ ስትል ሰልፉ ላይ የነበረችው ደንበኛዋ ማዳም ፔሮ ውሻዋን ጠረጴዛው ላይ አወጣቻት።

«ማዳም ቫሌት፣ ይህቺ ጆሮ ቀልታለች ወይስ ዓይኔ ነው?»

ኦዲል ዞር ብላ የውሻዋን ጆሮ አየች። ተመልሳ ስትዞር ሰውየው እንጉዳዮቹን ወደ ቅርጫቱ እየመለሰ ነበር። እሷም፣ አሁን ቃል በቃል ትዝ አላት፣ «ሁሉም ይበላል። ቅቤ ብቻ እንዳይበዛበት» አለችው።

ወደ መርዝ መረጃ ማዕከሉ ደወለች። ያነሳችው ሐኪም ድምጿ የረጋ ነበር።

«ሰውየው በልቷል?»

«አላውቅም። ስሙንም አላውቅም።»

«አራቱ ደህና ነበሩ፣ አንዱን አላዩትም። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«እንግዲህ በመጀመሪያ ሰውየውን ያግኙት። ካልበላ ይጣል። ከበላ፣ ያላዩት የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ የአምስቱንም ጉቶ ከነሥሩ ማግኘት ከቻሉ ያግኙ፤ አንድ እንኳ ከጎደለ የበላው ሰው ሁሉ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሕመም እስኪጀምር አንጠብቅም።»

ኦዲል ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት ከአርባ። ቁልፏን፣ ደብተሯንና የእጅ ጓንቷን ይዛ ወጣች።

ብሬዣን ከኑዋዬት በመኪና አሥር ደቂቃ ነው። የግንቡ ባለቤት አሞሪ ደ ብሬዣን ወደ ግንቡ በሚያስገባው ድልድይ አፍ ላይ፣ የጭቃ ጫማ ተጫምቶ፣ ትኬት ይቆርጣል። ከኦዲል ጋር አንደኛ ደረጃ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል። ጣሪያው እንዳያፈስ ሲል በዓመት ሁለት ቀን ቤቱን ለሰው የሚከፍት፣ የቀረውን ጊዜ ደግሞ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻ የሚኖር ሰው ነው፤ ሌላውን ክፍል ማሞቅ አይችልም።

«ኦዲል! በስንት ዓመትሽ ግንቤን ልታይ መጣሽ? ክኒን ለሚሸጥ ሰው ቅናሽ አለን።»

«አሞሪ፣ ቀልዱን ተወው። ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ፣ ጢማም ሰው ጠዋት ገብቶ ነበር።»

«ዛሬ የገባው ሰው ግማሹ ቢጫ ለብሷል።»

«ጫፉ ላይ ብሩሽ ያለው ቢላ ይዟል።»

የአሞሪ ፊት ተቀየረ። «እሱን! የአዳራሹን ምሰሶ በቢላው ጫፍ እየወጋጋ ‹ነቀዝ በልቶታል› ያለኝን! ለዚያውም በሰው ፊት! እሱ አልበቃው ብሎ መዝገቡም ላይ ጽፎታል።»

ኦዲል የጎብኚዎቹን መዝገብ ከትኬቱ ሳጥን አጠገብ አነሳች። ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ፦ «ግንቡ ያምራል። ሰሜናዊው ምሰሶ ግን ነቀዝ አለበት። ሬኔ እና ጂስሌን ካፕሮን፣ ከሊል።»

«ወዴት ሄዱ?»

«ምሳ የሚበላበት ጥላ ጠየቁኝ፤ ወደ ኩሬው ላክኋቸው። ምን አደረገ? ምሰሶ ነው የሰረቀሽ?»

ነገረችው። አሞሪ ሁለተኛ አልቀለደም። የትኬቱን ሳጥን ለሚቀጥለው ጎብኚ አስታቅፎት «ለአክስቴ ስጡልኝ» አለና መኪናዋ ውስጥ ገባ።

ኩሬው ዳር አልጋና ምድጃ ያለው ነጭ መኪና ቆሟል። ከጎኑ ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ ሰማያዊ የጠረጴዛ ልብስ፣ ሁለት ወንበር። ኦዲል ከመኪናዋ ሳትወርድ ሳህኖቹን አየች። ሁለቱም በዳቦ ተጠርገዋል። መጥበሻው ላይ የተከደነ ነገር አለ።

ሬኔ ካፕሮን ሲያያት ፊቱ በራ። «ጂስሌን፣ የነገርኩሽ የመድኃኒት ቤቷ እመቤት! ማዳም፣ የምሳችን ጠረን ኑዋዬት ድረስ ደረሰ እንዴ? ሩብ ኦምሌት ተርፎናል፤ ለራት ብለን ነው እንጂ...»

«መቼ በላችሁ?»

«አሁን። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«አረንጓዴዎቹንም?»

«ከሁሉ በፊት እነሱን ነው የጎረስኩት» አለች ጂስሌን። ወፍራም፣ ቀይ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። «ምነው?»

ኦዲል ነገሩን ሳታስረዝምና ሳታሳጥር ተናገረች። ከአምስቱ አራቱን መስበሯን፣ አንዱን አለመስበሯን፣ የሁለቱን እንጉዳዮች ልዩነት፣ ስምንት ሰዓትን።

ጂስሌን መነጽሯን አወለቀች። «ሬኔ። አርባ ዓመት ቀቅዬ፣ ጠብሼ፣ ካልሲህን ጠቅሜ፣ በእንጉዳይ ልትገላገለኝ ነው?»

«እኔስ አብሬሽ በልቼ የለ እንዴ?»

«አንተ ሁለት ጉርሻ ነው የበላኸው! ‹ብዪ፣ ብዪ› እያልክ ለእኔ ስትገፋልኝ ነበር!»

«የሙሴ ካፕሮን ጥፋት አይደለም» አለች ኦዲል። «የኔ ነው። አሁን የቆረጡበትን ቦታ ያሳዩን። ጉቶዎቹን ቆፍሬ ማየት አለብኝ። አምስቱንም።»

ሬኔ ከወንበሩ አልተነሳም። «ቦታውን?»

«ቦታውን።»

«ማዳም... ቦታውን ለገዛ ወንድሜ እንኳ አላሳየሁትም። ሲሞት እንኳ ጠይቆኝ...»

ጂስሌን የአፍ መጥረጊያ ጨርቋን ጠቅልላ ጀርባውን መታችው። «እኔ ነኝ አሁን የምሞተው! ተነስ!»

ተነሳ። ኦዲል ከጠረጴዛው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ አንስታ ተከተለችው። ሬኔ ከኩሬው ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ቀድሞ ገባ፤ አንድም ጊዜ ሳያመነታ፣ በየት እንደሚታጠፍ ቆም ብሎ ሳያይ። አሞሪ ይህን ልብ አለ።

«ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው አይመስሉም።»

«ዘጠነኛ ዓመታችን ነው» አለች ጂስሌን ከኋላ እያለከለከች። «በየመስከረሙ። ግንቡን ያየነው ግን ገና ዛሬ ነው፤ ከዚህ በፊት ጫካው ብቻ ነበር።»

«ጂስሌን!»

«ዘጠኝ ዓመት» አለ አሞሪ ለራሱ። «አባቴ ሴፕ ከጫካችን ጠፋ ብሎ አዝኖ ነው የሞተው።»

መብረቅ ለሁለት በሰነጠቀው ባሉጥ ሥር ሬኔ ተንበረከከና የወደቀ ቅጠል በእጁ ገፋ አደረገ። እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑ ሦስት ነጭ ቁራጮች አፈሩ ላይ ታዩ። ቆርጦ ሲያበቃ በቅጠል ሸፍኗቸው ነበር፤ ሌላ ለቃሚ ቦታውን እንዳያውቅበት። ኦዲል ጓንቷን አጠለቀች። ማንኪያውን ከጉቶው አራት ጣት ርቃ ወደ ታች ሰካች፣ ዙሪያውን ቆፈረች፣ ከነአፈሩ አነሳችው። አፈሩን በጣቷ ጫፍ አራገፈች። ሥሩ ለስላሳና ሹል ነው፤ ከረጢት የለውም። ሰበረችው። ቀጭ አለ።

«አንድ» አለች።

ሁለተኛው ቀጭ አለ። ሦስተኛውም። አራተኛው ከዚያ ስልሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ከቦይ ዳር፣ ሥሮች መካከል ነበር፤ እሱን ለማውጣት ጊዜ ወሰደባት። እሱም ቀጭ አለ። አራቱን ቁራጮች መሃረቧ ላይ በተራ ደረደረች።

«አምስተኛው?»

ሬኔ ጢሙን ነካ። «አምስተኛው... አምስተኛውን እንጃ። እዚሁ አካባቢ ነው። ወይም ወደዚያ። ጫካ ነው፣ ማዳም፣ ሰው ሁሉን አያስታውስም።»

ሰዓቱ ሰባት ተኩል አልፏል። ኦዲል ሰውየውን አየችው። የአራቱን አረንጓዴ የእያንዳንዱን ቦታ ሳያመነታ ያሳየ ሰው ነው። አሁን ዓይኖቹ አፈሩ ላይ ናቸው፤ አንዴ ብቻ ተነስተው አሞሪን ነክተው ተመለሱ።

«ሙሴ ካፕሮን» አለች፣ «ደንበኞቼ በቀን ስንት ብርጭቆ ወይን እንደሚጠጡ ስጠይቃቸው የሚያዩት እንዲህ ወለሉን ነው።»

ሬኔ በእግሩ ቅጠል መገላለጥ ጀመረ።

«ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶናል። ከዚያ በኋላ ሚስትዎ ሆስፒታል ናት።»

«ከውስጥ ነው!» ብላ ጮኸች ጂስሌን። «ከግንቡ ውስጥ ነው የቆረጠው! አስጎብኚዋ አሮጊት ስለ ጸሎት ቤቱ ሲያስረዱን ገመዱን ተሻግሮ ጠፋ፤ ሲመለስ ኪሱ አብጦ ነበር። እኔ ሽንት ቤት የሄደ መስሎኝ!»

አሞሪ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ገመድ ያለው ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ነው። እዚያ ያለው የቤተሰባችን መቃብር ነው።»

የሬኔ ፊት ቀላ። «እዚያ ባለው ባሉጥ ሥር ነበር» አለ። «ከአንዱ ድንጋይ ጎን። በጣም የሚያምር ነበር፣ ሙሴ። ትቼው ለመሄድ እግሬ እምቢ አለኝ።»

«የማን ድንጋይ?»

«... ጄኔራል የሚል ይመስለኛል።»

አሞሪ ለመቆጣት አፉን ከፈተ፣ ግን ጂስሌንን አየና ተወው። «ኑ» አለ። «በአጥሩ በኩል ቅርብ ነው።»

ሮጡ ማለት ይቻላል። ጸሎት ቤቱ ጋ ሲደርሱ የአሞሪ አክስት ማድሟዜል ቤርት የትኬቱን ሳጥን በብብታቸው ይዘው ለሃያ ጎብኚዎች እያስረዱ ነበር። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን ድልድዩ ድረስ ይሰማል።

«ገመዱን አትለፉ! አሞሪ፣ ንገራቸው!»

«አክስቴ፣ ዛሬ ይለፉ።»

«መጀመሪያ ሳጥን ታሸክመኛለህ፣ ቀጥለህ ጭቃ የበላ ጫማ በጄኔራሉ ላይ ታስኬዳለህ! እናትህ ብታይ!»

ሬኔ በጣቱ አሳየ። ከግራጫው ድንጋይ ግራ ማዕዘን አጠገብ፣ የባሉጥ ፍሬ በረገፈበት ሣር ውስጥ፣ አንድ ክብ ነጭ ነገር። ኦዲል ተንበረከከች። ከዚያ ዙሪያውን ከሌሎቹ ሁሉ ሰፋ አድርጋ፣ ጥልቅ አድርጋ ቆፈረች። ከረጢት ካለ እንዳይቀደድ፣ እንዳይቀር። አፈሩን ከነጉቶው በሁለት መዳፏ አንስታ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። ጎብኚዎቹ ገመዱን ከበው አንገታቸውን አሰገጉ፤ ማድሟዜል ቤርት እንኳ ጠጋ አሉ።

አፈሩን በትንሽ በትንሹ አነሳች። ጎኑ ነጭ። ከታች ጠበብ ይላል። ሌላ ምንም የለም። ከረጢት የለም፣ ቅዳጁ የለም። ጣቶቿን ወደ ጉድጓዱ መልሳ አፈሩን ፈተሸች፤ ምንም አልቀረም። ጉቶውን በሁለት ጣቷ ያዘች።

ቀጭ።

ቁራጩን እንደገና ሰበረችው። ቀጭ። እንደ ክር ያለ ጅማት አንድም የለበትም። ከዚያ ሣሩን ስትገላልጥ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ቢላ ያልነካው አንድ ትንሽ እንጉዳይ አገኘች፤ አረንጓዴ ኮፍያው፣ እንደሚበላው ዓይነት ሁሉ፣ ድርቅ እንደመታው ማሳ ተሰነጣጥቋል። ከነሥሩ ነቀለችው፣ ከጉቶው ጎን አስተኛችው። አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ።

«አምስት» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «አምስቱም ደህና ናቸው። ሁሉም ይበላል።»

ጂስሌን መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሬኔን በጥፊ ልትመታው እጇን ካነሳች በኋላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከጎብኚዎቹ አንዱ ስለ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሬኔ የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ከጄኔራሉ ላይ ተነስ!» አሉ ማድሟዜል ቤርት።

«ይቀመጥ፣ አክስቴ» አለ አሞሪ። ሳቁን መያዝ አልቻለም፤ ዓይኑ ግን ረጥቦ ነበር። «ጄኔራሉም በሕይወት ሳሉ ከሰው ማሳ ይለቅሙ ነበር ይባላል።»

ኦዲል ጓንቷን አውልቃ ደወለች። ሐኪሟ ሁሉንም አንድ በአንድ አስደገመቻት፤ ቅርጹን፣ ሥሩን፣ ስብራቱን። ኦዲል የትንሹን ሙሉ እንጉዳይ ፎቶም ላከችላት። መልስ እስኪመጣ ከባሉጡ ግንድ ላይ የዛፍ ሽበት በጣቷ ትልጥ ነበር። ስልኩ ጮኸ። «ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፣ ማዳም። ሂዱ፣ ምሳችሁ በሰላም ይፈጭላችሁ» አለች ሐኪሟ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ኦዲል ደብተሯን ከፍታ ከጠዋቱ መስመር ሥር ጻፈች፦ «አምስተኛው ዘግይቶ ተሰብሯል። ከሰኞ ጀምሮ፣ ከነሥሩ ያልመጣ አረንጓዴ አይታይም።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ወደ ኩሬው ሲመለሱ ማንም አልቸኮለም። አሞሪና ሬኔ ፊት ፊት ሄዱ።

«እንግዲህ ቦታዬን ሁሉ አወቁት» አለ ሬኔ በቅሬታ።

«ጫካዬን ማለትዎ ነው?»

«ያው ነው።»

«በሚመጣው መስከረም አብረን እንለቅማለን። ሴፑን ለሁለት እንካፈላለን። እርስዎ ደግሞ ስለ ምሰሶው ዝም ይላሉ።»

«ምሰሶው ግን እውነት ነቀዝ አለበት፣ ሙሴ።»

«አውቃለሁ!» አለ አሞሪ። «ሃያ ዓመት ሆኖታል! በመዝገብ መጻፍ ነበረብዎት?»

ጂስሌን ወንበሩን ለኦዲል ሳበችላት። ኦዲል ስትቀመጥ ብቻ ነው እግሯ ምን ያህል እንደዛለ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ያወቀችው። መድኃኒት ቤቱ እስካሁን መከፈት ነበረበት፤ ማዳም ፔሮ ውሻዋን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ይሆናል። ትቁም። የውሻዋ ጆሮ አልቀላም ነበር።

የመጥበሻውን ክዳን አነሳች። ሩቡ ኦምሌት ቀዝቅዟል፤ ከጠርዙ አንድ አረንጓዴ ቆዳ ብቅ ብሏል።

«ሹካ አላችሁ?» አለች።

ጂስሌን ሰጠቻት። ሦስቱም ቆመው ያዩዋታል። ኦዲል ቆረሰች፣ ጎረሰች፣ እንደ ልማዷ በጥንቃቄ አላመጠች፣ ዋጠች።

«እንዴት ነው?» አለ ሬኔ።

«ቅቤ በዝቶበታል» አለችና መጥበሻውን ወደ ራሷ ሳበችው።